ከኮከቡ በፊት ቁጥሩን

ቴሲሳቸውን በእንግሊዝኛ ለሚጽፉ የማስተርስ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ

እንደምን ዋላችሁ። ከምሳ በኋላ ስለ ስታቲስቲክስ መስማት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ፎርሙላ አላመጣሁም። ይዤ የመጣሁት አንድ የእንግሊዝኛ ሐረግ ብቻ ነው፦ «ስታቲስቲካሊ ሲግኒፊካንት»። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ግማሾቻችሁ ጽፋችሁታል፤ የቀራችሁት ደግሞ ሰሞኑን መጻፋችሁ አይቀርም።

ቴሲስ ስንጽፍ እንግሊዝኛችን ያስጨንቀናል። «ኢን» ነው «ኦን»? «ሃዝ» ነው «ሃቭ»? እሱን ኮምፒውተሩም ያርመዋል፣ ጓደኛም ያይላችኋል። ይህ ሐረግ ግን ከዚያ ይለያል። ሰዋስው አንድም ቦታ ሳይጥስ፣ ያላገኛችሁትን ነገር «አገኘን» ያስብላችኋል። ቀይ መስመር አይሰመርበትም። ዲፌንስ ላይም ብዙ ጊዜ ሳይነካ ያልፋል፤ ፈታኙም ሲጽፈው የኖረ ነዋ።

እስቲ አንድ ዓረፍተ ነገር እንይ። ያቀናበርኩት እኔ ነኝ፤ ግን የፈለጋችሁት ላይብረሪ ገብታችሁ ከመደርደሪያው አንድ ቴሲስ ብትስቡ ወንድሙን ታገኙታላችሁ። በአማርኛ ልበለው፦ «በእናቶች የትምህርት ደረጃና በጤና ተቋም በመውለድ መካከል ሲግኒፊካንት ግንኙነት ተገኝቷል፤ ፒ = 0.000»።

ይህን ያነበበ ሰው ምን አወቀ? በጤና ተቋም በብዛት የወለዱት የተማሩት ናቸው ወይስ ያልተማሩት? እንገምታለን እንጂ አልተጻፈም። ልዩነቱስ ምን ያህል ነው፣ 3 በመቶ ወይስ 30? የለም። ስንት እናቶች ተጠየቁ? እሱም የለም። ያለው «ሲግኒፊካንት» እና ከነጥብ በኋላ የተደረደሩ ሦስት ዜሮዎች ናቸው። ዜሮዎቹም ቢሆኑ ልክ አይደሉም። እንዲህ ባለ ጥናት ፒ ቫልዩ (ምንነቱን ትንሽ ቆይተን እናየዋለን) ድፍን ዜሮ አይሆንም፤ የቆዩት የኤስፒኤስኤስ ሶፍትዌር ቅጂዎች ቁጥሩን ሦስት አሃዝ ላይ ስለሚያጠጋጉት ነው .000 ብለው የሚያወጡት። የሚጻፈው «ፒ < 0.001» ተብሎ ነው።

ጣጣው የሚጀምረው ከዚያው ሶፍትዌር ሰንጠረዥ ይመስለኛል። የሎጂስቲክ ሪግሬሽን ውጤት የከፈታችሁ አስታውሱት። ከግራ ወደ ቀኝ «ቢ»፣ «ኤስ ኢ»፣ «ዋልድ»፣ «ዲ ኤፍ»፣ «ሲግ»፣ «ኤክስፕ ቢ»። ዓይናችን የት ይሮጣል? በቀጥታ «ሲግ» ላይ። ከ0.05 በታች ከሆነ ፊታችን ይፈካል፤ ከበለጠ እናቀረቅራለን። ጓደኛም ደውሎ «ምን አገኘህ?» አይልም፤ «ሲግኒፊካንት ወጣልህ?» ነው የሚለው። ዋናው ወሬ ግን ያለው እዚያው በስተቀኝ ባለችው ዓምድ ነው። «ኤክስፕ ቢ» ኦድስ ሬሾው ነው፤ ኦድስ ማለት ነገሩ የሆነላቸው ሰዎች ብዛት ላልሆነላቸው ሲካፈል ነው፣ ኦድስ ሬሾ ደግሞ የአንዱ ወገን ኦድስ ለሌላው ወገን ሲካፈል። የግንኙነቱን አቅጣጫና መጠን የሚናገረው እሱ ነው።

ሐረጉ ከየት እንደመጣ ካየን ምን ማለት እንደሆነ ለመያዝ ይቀላል። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በሰፊው ያስለመደው እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር ነው። ፊሸር ከ1919 ጀምሮ ከለንደን በስተሰሜን ባለው የሮትሃምስተድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ይሠራ ነበር። እንደሚተረከው አንድ ቀን በሻይ ሰዓት ሚዩሪየል ብሪስቶል ለምትባል የአልጌ ተመራማሪ ሻይ ቀዳላት። አልጠጣም አለች። ምክንያቷ ሻዩ ከወተቱ ቀድሞ መቀዳቱ ነበር። ወተቱ ቀድሞ ሲገባ ነው የምወደው፤ ቀምሼም እለየዋለሁ አለች። ፊሸር አላመናትም። እኛ ጋ ቢሆን ነገሩ በሳቅ ያልፍ ነበር። እነሱ ሙከራ አደረጉት።

ሙከራው ፊሸር በኋላ እንደጻፈው እንዲህ ነው። 8 ሲኒ ይቀርባል። በ4ቱ ወተቱ ቀድሞ፣ በ4ቱ ሻዩ ቀድሞ ይገባል። ቅደም ተከተላቸው በዕጣ ይደባለቃል። ቀማሿ ወተት የቀደመባቸውን 4 ሲኒዎች መርጣ ታወጣለች። እንግዲህ ጥያቄው፦ ሴትዮዋ ምንም የመለየት ችሎታ ሳይኖራት ዝም ብላ ብትገምት፣ 4ቱንም የማግኘት ዕድሏ ስንት ነው? ከ8 ሲኒ 4ቱን መምረጥ የሚቻለው በ70 መንገድ ነው። ትክክሉ አንዱ ብቻ ነው። 1 ከ70፣ ማለትም 1.4 በመቶ ገደማ። ፒ ቫልዩ ማለት ይህች 1.4 በመቶ ናት። ምትሃት የለባትም።

ሲኒዎቹ 6 ቢሆኑስ፣ ሦስት በሦስት? መንገዱ 20 ይሆናል። ሁሉንም በግምት የማግኘት ዕድሉ 1 ከ20፣ ልክ 5 በመቶ። ወደ 8ቱ እንመለስና፣ ከመረጠቻቸው 4 ሲኒዎች 3ቱ ብቻ ልክ ቢሆኑስ? ቢያንስ ያን ያህል በግምት ማግኘት የሚቻልበት ዕድል 17 ከ70 ነው፤ 24 በመቶ ገደማ። ስለዚህ ከ4 ሲኒ 3ቱን ያገኘች ቀማሽ በሐረጉ ቋንቋ «ኖት ሲግኒፊካንት» ናት። እዚህ ጋ ቆም እንበል። መለየት አትችልም አልተባለም። በ8 ሲኒ ይህን ያህል ብቻ ካገኘች፣ ችሎታዋን ከግምት ለመለየት ማስረጃው አልበቃም ነው የተባለው። ሁለቱ በጣም የተራራቁ ንግግሮች ናቸው፤ ወደ በኋላ እመለስባቸዋለሁ። ሴትዮዋ ደግሞ ሁሉንም አገኘች ነው የሚባለው። ምላስ ይሏል ይሄ ነው።

5 በመቶዋስ ከየት መጣች? ፊሸር በ1925 ለተመራማሪዎች ባሳተመው መጽሐፍ 1 ከ20ን እንደ አመቺ መስመር ወሰደው። አመቺ፤ ሌላ ምክንያት የለውም። በማግስቱ ዓመት በጻፈው ጽሑፍ ደግሞ 1 ከ20 ያላረካው ሰው ከፈለገ መስመሩን 1 ከ50 ወይም 1 ከ100 ላይ ሊያሰምር እንደሚችል ተናገረ። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት ሆነው፤ እኛ ጋ ሲደርስ 0.05 ትእዛዝ ሆኖ ቁጭ አለ። 0.049 ያገኘ ቤት እልልታ፣ 0.051 ያገኘ ቤት ለቅሶ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

እንግዲህ «ስታቲስቲካሊ ሲግኒፊካንት» ሲባል ነገሩ ይህ ብቻ ነው፦ በእውነቱ ምንም ልዩነት ባይኖር፣ የሞዴሉ ታሳቢዎችም ልክ ቢሆኑ፣ እንዲህ ያለ ወይም ከዚህም የራቀ ውጤት በዕድል ሊመጣ የሚችለው አስቀድመን ካሰመርነው መስመር ባነሰ ዕድል ነው። አለቀ። ልዩነቱ ትልቅ ነው አላለም። ይጠቅማል አላለም። እውነት ነው እንኳ አላለም።

የመጨረሻዋን ብዙ ሰው አይቀበላትም። «ፒ 0.03 ከሆነ ግኝቴ እውነት የመሆኑ ዕድል 97 በመቶ ነው» የሚል ስንቱን አይቻለሁ። አይደለም። ጄኔቫ አጠገብ ያለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሰርን በ2012 ሂግስ ቦዞን የተባለችው ቅንጣት መገኘቷን ሲያውጅም ይኸው ስህተት ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። የፊዚክስ ሰዎች መስመራቸው ከእኛ እጅግ የጠበቀ ነው፤ 5 ሲግማ ይሉታል። ቅንጣቷ ባትኖር እንዲህ ያለ ምልክት በዕድል የሚታየው ከ3.5 ሚሊዮን አንዴ ገደማ ነው ማለት ነው። ይህን አንዳንድ ዘጋቢዎች ገለበጡትና «ቅንጣቷ የመኖሯ ዕድል 99.9999 በመቶ ነው» አሉት። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ የመኖሩ ዕድል 100 በመቶ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖር ሰው አዲስ አበባ የመኖሩ ዕድል ግን 100 በመቶ አይደለም። ዓረፍተ ነገሩን ስትገለብጡት ቁጥሩ አብሮ አይገለበጥም።

የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር በ2016 ስለ ፒ ቫልዩ መግለጫ ያወጣው ይህ ሁሉ ስላሰለቸው ነው። ማኅበሩ በአንድ የስታቲስቲክስ አሠራር ላይ እንዲህ ያለ መግለጫ ሲያወጣ የመጀመሪያው ነበር። ከነጥቦቹ ሁለቱ፦ ፒ ቫልዩ መላምቱ እውነት የመሆኑን ዕድል አይለካም፤ የውጤቱን መጠንም ሆነ ጠቃሚነት አይለካም።

መጠን ካልን እንግሊዝኛው ራሱ ወጥመድ ነው። በተራ እንግሊዝኛ ሲግኒፊካንት ማለት ትልቅ፣ ቁም ነገር ያለው ማለት ነው። «ሲግኒፊካንትሊ ሃየር» ብላችሁ ስትጽፉ እናንተ ያሰባችሁት ፒ ቫልዩውን ነው፤ አንባቢው የሰማው ግን «በጣም ይበልጣል» የሚለውን ነው። «ሃይሊ ሲግኒፊካንት» ስትሉ ደግሞ ይብሳል። ፒ ቫልዩው 0.0001 ስለሆነ ያላችሁት ቃል አንባቢው ጆሮ ሲደርስ ተራራ የሚያህል ልዩነት ይሆናል።

ለምሳሌ የአስፕሪንን ነገር እንይ። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ 22,071 ወንድ ሐኪሞች ላይ አንድ ትልቅ ሙከራ ተደረገ። ግማሾቹ ቀን ዘልለው አስፕሪን ዋጡ፤ ግማሾቹ አስመሳይ ክኒን። ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ አስፕሪን ከዋጡት 11,037 ሰዎች 104ቱ፣ ካልዋጡት 11,034 ደግሞ 189ኙ የልብ ድካም (ሃርት አታክ) አጋጥሟቸዋል። ፒ ቫልዩው ከ0.00001 በታች ነበር። የሙከራው የአስፕሪን ክፍል ከጊዜው በፊት እንዲቆም የተደረገውም ውጤቱ ግልጽ ስለነበረ ነው። ጥሩ ግኝት ነው፤ ማንም አይክድም። አሁን ግን መጠኑን አስሉት። 1.71 በመቶ ወደ 0.94 በመቶ ወረደ። ከመቶ ሰው አንድ እንኳ አይሞላም፤ ወደ 130 ሰው ለአምስት ዓመት ሲውጥ አንድ ሰው ከልብ ድካም ይተርፋል እንደማለት ነው። ያ ጥቅም ከአስፕሪን የመድማት ጉዳት ጋር ሲመዘን ያዋጣል አያዋጣም የሚለውን ሐኪሙ መወሰን አለበት። አምስቱ ዜሮዎች አይወስኑለትም። 0.94 እና 1.71 ናቸው የሚረዱት።

ወደ ራሳችን እንምጣ። ብዙዎቻችሁ የኢትዮጵያን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዳታ ትጠቀማላችሁ። የ2016ቱ ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ 15,683 ሴቶችን አነጋግሯል። ዳታው ግሩም ነው፤ ግን ብዛቱ ሐረጋችንን ያቅበጠብጠዋል። ናሙናው በክላስተር የተመረጠ መሆኑን ለቀላልነት እንርሳውና ሴቶቹን ለሁለት ብንከፍላቸው፣ በአንዱ ወገን 50 በመቶ በሌላው 52 በመቶ ቢወጣ፣ ፒ ቫልዩው 0.01 አካባቢ ይሆናል። ፒ ቫልዩው ከ0.05 በታች ሲሆን ሰንጠረዥ ላይ ከቁጥሩ ጎን የምናደርጋት ኮከብ (*) ትገባዋለች። ያንኑ 50 እና 52 በመቶ በእያንዳንዱ ወገን 200 ሴቶች ብቻ ይዛችሁ ብታገኙት ፒ ቫልዩው 0.69 ገደማ ነው። ልዩነቱ ያው 2 ነጥብ ነው። የተለወጠው የሰው ብዛት ነው። ታዲያ «ሲግኒፊካንት ልዩነት አለ» ብሎ የጻፈ ሰው ስለ ሴቶቹ ነው የነገረን ወይስ ስለ ናሙናው ብዛት?

አሁን ወደዚያች 3 ሲኒ ወዳገኘች ቀማሽ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ የዚህ ሐረግ አጠቃቀም «ኖ ሲግኒፊካንት ዲፈረንስ» የሚለው ውጤት ምዕራፍ ላይ ተጽፎ፣ ዲስከሽን ላይ ሲደርስ «ልዩነት የለም» ሲሆን፣ ማጠቃለያው ላይ ደግሞ «መንግሥት በዚህ ላይ ገንዘብ ባያወጣ» ወደሚል ምክር ሲያድግ ነው። በሦስት ምዕራፍ ውስጥ «አላወቅንም» የሚለው ነገር «የለም» ሆነ።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2019 ሦስት ተመራማሪዎች ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ከ800 በላይ ሳይንቲስቶች ፈርመውበታል። «ስታቲስቲካል ሲግኒፊካንስ» የሚባለውን አጥር እናፍርሰው ነው ጥሪያቸው። እዚያው እንደጠቀሱት፣ በአምስት ጆርናሎች የወጡ 791 ጽሑፎች ሲመረመሩ ግማሽ ያህሉ «ሲግኒፊካንት አይደለም» የሚለውን «ውጤት የለውም» ብለው ተርጉመውታል።

ካነሷቸው ምሳሌዎች አንዱ ከአእምሮዬ አይወጣም። ሁለት ጥናቶች የእብጠት ማስታገሻ መድኃኒቶች የልብ ምት መዛባት ያመጡ እንደሆነ መረመሩ። የመጀመሪያው አደጋው በ20 በመቶ ይጨምራል አለ። ሁለተኛውም አደጋው በ20 በመቶ ይጨምራል የሚል ቁጥር አገኘ። ያው 20! ነገር ግን የመጀመሪያው ጥናት ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ፣ ማለትም ከዳታው ጋር የሚስማማው የመጠን ክልል፣ ከ9 እስከ 33 በመቶ ጭማሪ ስለነበር ፒ ቫልዩው 0.0003 ሆነ። የሁለተኛው ሰፋ ያለ ነው፤ ከ3 በመቶ ቅናሽ እስከ 48 በመቶ ጭማሪ፣ ፒ 0.091። የሁለተኛው ጥናት ጸሐፊዎች ምን አሉ? መድኃኒቶቹ ከሕመሙ ጋር «ኖት አሶሺዬትድ» ናቸው፤ ውጤታችን ከቀድሞው ጥናት ይቃረናል አሉ።

የት ነው የተቃረነው? ሁለቱም 20 በመቶ ነው ያሉት! ሁለተኛው በደንብ አላጠራውም እንጂ የተለየ ነገር አልተናገረም። እስከ 48 በመቶ የሚደርስ አደጋ ሊኖር እንደሚችል ዳታው ራሱ እየጠቆመ «ግንኙነት የለም» ማለት፣ መድኃኒቱን በየቀኑ ለሚውጥ ሰው ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አንድ ሐረግ ነው ይህን ያደረገው። ቁጥሩ ሰንጠረዡ ላይ ቁጭ ብሎ ይታይ ነበር።

ነገሩ ፍርድ ቤትም ደርሷል። ማትሪክስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ዚካም የተባለ በአፍንጫ የሚወሰድ የጉንፋን መድኃኒት ይሸጥ ነበር። ማሽተት አቃተን የሚሉ ሰዎች መጡ። ኩባንያው ባለአክሲዮኖች ሲከሱት ቅሬታዎቹ ስታቲስቲካሊ ሲግኒፊካንት የሚያሰኝ ቁጥር ስላልሞሉ የመናገር ግዴታ የለብኝም ብሎ ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 ክርክሩን በሙሉ ድምፅ ውድቅ አደረገው። ዳኞቹ ስታቲስቲሺያን መሆን አላስፈለጋቸውም። ኮከብ የሌለው ነገር ሁሉ ዋጋ የለውም የሚል ሕግ እንደሌለ ነው ያዩት።

ሌላ ትንሽ ነገር። ሲግኒፊካንት ያልሆነውን «ኢንሲግኒፊካንት» ብላችሁ አትጻፉ። «ኢንሲግኒፊካንት» በእንግሊዝኛ ተራ ነገር፣ ዋጋ ቢስ ማለት ነው። «ኖት ስታቲስቲካሊ ሲግኒፊካንት» ካላችሁ ይበቃል። «አፕሮቺንግ ሲግኒፊካንስ» የምትለዋንም ተዉአት። 0.07 አግኝታችሁ ወደ 0.05 እየተጠጋ ነው ስትሉ፣ እየመጣ ይሁን እየሄደ በምን አወቃችሁ? ቁጥር አይራመድም። ደግሞስ 0.04 ያገኘ ሰው «ከሲግኒፊካንስ ልወጣ ጥቂት ቀረኝ» ብሎ ሲጽፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ታዲያ እንዴት እንጻፈው? ያንን የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እንጠግነው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል እፈጥራለሁ፦ «ከተማሩ 226 እናቶች 140ው፣ 62 በመቶ ማለት ነው፣ በጤና ተቋም ወልደዋል፤ ካልተማሩት 226 ደግሞ 93ቱ፣ 41 በመቶ። ልዩነቱ 21 የመቶ ነጥብ ነው፤ 95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ከ12 እስከ 30፤ ፒ < 0.001»። እዚህ ውስጥ «ሲግኒፊካንት» የሚለው ቃል የለም። ጎደለ? ምንም አልጎደለም። አንባቢው ማን እንደበለጠ፣ በስንት እንደበለጠ፣ እርግጠኝነታችሁም እስከምን ድረስ እንደሆነ አወቀ። ሐረጉን የግድ ከፈለጋችሁት መጨረሻ ላይ ጨምሩት፤ «ስታቲስቲካሊ» የምትለዋን ግን አትቁረጡባት። ትልቅ ለማለት ስትፈልጉ «ላርጅ» በሉ፤ አስፈላጊ ለማለት «ኢምፖርታንት» አለላችሁ። ሲግኒፊካንትን ለአንድ ሥራ ብቻ አቆዩት።

ቁጥሮቹን ከፈጠርኩ አይቀር አንድ ነገር ላንሳ። የእነዚህ እናቶች ኦድስ ሬሾ ስታሰሉት 2.3 ይመጣል። ወዲያው «የተማሩ እናቶች 2.3 ታይምስ ሞር ላይክሊ» ተብሎ ይጻፋል። እስቲ 62ን ለ41 አካፍሉ። 1.5 ነው። ኦድስ ሌላ፣ ዕድል ሌላ። ነገሩ ብዙ ሰው ላይ የሚከሰት በሆነ ቁጥር ሁለቱ እየተራራቁ ይሄዳሉ። «ኦድሱ 2.3 እጥፍ ነው» ብላችሁ ጻፉ፤ ከጎኑ ሁለቱን መቶኛዎች አስቀምጡ። ይህ ራሱን የቻለ ንግግር ስለሚወጣው እዚህ ላይ ላቁም፤ ጥያቄ ካላችሁ እንነጋገር።

ከፊት የተቀመጠች ተማሪ የጠየቀችው ይህን ነበር፦ «ሁላችንም ሜቶዶሎጂ ላይ ‹በባይቫሪየብል (ተለዋዋጮቹ አንድ በአንድ ሲታዩ) ፒ ከ0.25 በታች የሆነው ወደ መልቲቫሪየብል (ሁሉም አንድ ላይ ወደሚታዩበት ሞዴል) ገባ፤ ከ0.05 በታች የሆነው ሲግኒፊካንት ተባለ› ብለን ነው የምንጽፈው። ይህም ስህተት ነው?»

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ይህቺ አንቀጽ ከቴሲስ ቴሲስ ስትገለበጥ የኖረች ናት። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው ይሄኔ ነው። 0.25 ተለዋዋጮችን ለማጣራት የቀረበች ልል ወንፊት ናት እንጂ የማስረጃ መለኪያ አይደለችም። የእናት ዕድሜና የኑሮ ደረጃ ለጉዳይሽ ወሳኝ መሆናቸውን ከቀደሙ ጥናቶች ካወቅሽ፣ ፒያቸው 0.4 ቢሆንም ሞዴሉ ውስጥ አስገቢያቸው። ለምን እንዳስገባሻቸውም ጻፊ። ምክንያቱ ከሶፍትዌሩ ሳይሆን ከአንቺ ሲመጣ ፈታኙም ያከብርሻል።

አንድ ወንድማችን ደግሞ፣ አድቫይዘሩ ሲግኒፊካንት ያልሆኑትን ከሰንጠረዡ አውጣ ቢለው ምን እንደሚያደርግ ጠየቀ። ከአድቫይዘር ጋር መጣላትን አልመክርም፤ ከእሱ ጋር ገና ዲፌንስ አለብህ። ግን በትህትና «መምህር፣ ሙሉውን ሰንጠረዥ አባሪ ላይ ላስቀምጠው?» በለው። እምቢ የሚል አይመስለኝም። ነገ የአንተንና የሌሎችን ጥናት ሰብስቦ አንድ ላይ የሚያሰላ ሰው ሲመጣ፣ አንተ ያወጣሃቸው ቁጥሮች ናቸው የሚያስፈልጉት። ኮከብ ያላቸውን ብቻ ትተንለት ከሆነ ከእውነቱ የገዘፈ ውጤት ያገኛል።

የመጨረሻው ጥያቄ ተግባራዊ ነበር፦ አብስትራክት 250 ቃል ብቻ ነው፤ ሁሉም አይገባም፤ ምኑን እንቁረጥ? «ሲግኒፊካንትሊ አሶሺዬትድ ነበሩ» ብላችሁ አምስት ተለዋዋጭ የምትደረድሩበትን መስመር ቁረጡት። በእሱ ቦታ ከአምስቱ ዋናውን አንዱን ከነኦድስ ሬሾው፣ ከነኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ፣ ከነሁለቱ መቶኛዎቹ አስገቡት። ቦታ ከተረፈ ሁለተኛውን ጨምሩ።